የጋራዥ በር ሀዲድን ወደ ሶሌታው ማስጠጋት፦ ሀዲዱ፣ ከበሮውና ሞላው

መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ሲባል ብዙ ጊዜ ግራውንድ ላይ ያለች፣ ወርዷ ጠበብ ያለ፣ ከፍታዋ ግን የማይናቅ ክፍል ናት። ከወለሉ እስከ ሶሌታው 3.60 ሜትር፣ የበሩ ክፍት ደግሞ 2.10 ሜትር እንበል። በሩ በፓነል ተገጣጥሞ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ውስጥ የሚተኛው ዓይነት ከሆነ፣ ሲከፈት 2.40 ሜትር አካባቢ ላይ ይጋደማል። ከእሱ በላይ ያለው ከ1 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ማንም ሳይጠቀምበት ይቀራል። የመኪና ማንሻ ሊፍት ለመትከል ያሰበም፣ ፖርቶመጋላው የተጫነ ሚኒባስ አስገብቶ ለመሥራት የፈለገም፣ በሩ ክፍት ሳለ ኮፈን መክፈት ያቃተውም ሰው የሚያዋጣው አንድ ነገር ነው፤ ሀዲዱን ከፍ ማድረግ። በሩ በመጀመሪያ ግድግዳውን ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የሚታጠፈው ከዚያ በኋላ ሶሌታው ሥር ሲደርስ ነው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ የብረት ሥራ ብቻ ይመስላል። ኤል ብረት ይቆረጣል፣ ሀዲድ ይቀጠላል፣ ሶሌታ ይበሳል፤ ጎበዝ ብረት ሠሪ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ችግሩ ሀዲዱ ከፍ ባለ ቅጽበት የበሩ ክብደትና የሞላው ጉልበት የነበራቸው ሂሳብ መፍረሱ ነው። ካቦው የሚጠመጠምበት ከበሮና ሞላው አብረው ካልተቀየሩ፣ ቆንጆ ተደርጎ የተገጠመው ሀዲድ ሰው ጭንቅላት ላይ የሚወርድ በር ይሸከማል። ስለዚህ ከብረቱ ሥራ በፊት ሂሳቡን እንይ።

አስቀድሞ ግን በሩን መለየት ያስፈልጋል። መርካቶ ውስጥ በየሱቁ የምናየው፣ በራሱ ላይ የሚጠቀለለው የላሜራ ሻተር እዚህ ውስጥ አይገባም። እሱ የሚታጠፍ ሀዲድ የለውም፣ ጥቅሉም ካለበት አይንቀሳቀስም። የምናወራው አራት ወይም አምስት ፓነል በማጠፊያ ተያይዞ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሮለር ኖሮት፣ ከበሩ በላይ ባለ ዘንግ ላይ በተጠመጠመ ሞላ ስለሚነሳው በር ነው። ሞላው ዘንግ ላይ ሳይሆን ሀዲዶቹን ተከትሎ በጎን በኩል የተወጠረ ከሆነ ደግሞ፣ መጀመሪያ ወደ ዘንግ ሞላ መቀየር ግድ ነው። የጎን ሞላ ይዞ ሀዲድ ማሳደግ አይቻልም።

ምን ያህል ከፍ ይላል?

ከበሩ ክፍት የላይኛው ጫፍ እስከ ሶሌታው ያለውን ለኩ። ግራ፣ ቀኝና መሃል ላይ ለኩና ትንሹን ቁጥር ያዙ፤ ሶሌታም ወለልም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ሲለያይ ማየት የተለመደ ነው። ወደ ታች የወረደ ቢም፣ የፍሳሽ ቱቦ ወይም የመብራት መስመር ካለ የሚቆጠረው እስከ እሱ ያለው ነው። በምሳሌያችን 3.60 ሲቀነስ 2.10፣ ማለትም 1.50 ሜትር ይቀራል። የሀዲዱ መታጠፊያ ራዲየስ 30 ሳ.ሜ ከሆነ፣ ለመታጠፊያው፣ ለዘንጉና ለሞላው ቢያንስ 40 ሳ.ሜ መተው አለበት። ስለዚህ ከፍ ማድረግ የሚቻለው እስከ 1.10 ሜትር ነው። እስከ ጫፉ መሄድ ግን አንመክርም። ሞላውን በብረት ዘንግ ለማጥበቅ እጅ የሚዞርበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ሶሌታ ሥር የተጣበቀ ሞላ ለሚጠግነው ሰው አደጋ ነው። 80 ሳ.ሜ እንውሰድ።

በ80 ሳ.ሜ የተኛው በር ከ2.40 ወደ 3.20 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ብዙዎች የማያስቡት ሌላም ትርፍ አለ። በሩ ሲከፈት 80 ሳ.ሜው ቀጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር፣ ወደ ውስጥ የሚተኛው 1.30 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መታጠፊያው ሲጨመር ከግድግዳው 1.60 ሜትር፣ ከነሀዲዱ ትርፍ ደግሞ 1.80 ሜትር ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ሶሌታው ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ሊፍት የምትተክሉ ከሆነ ይህ ቁጥር ከከፍታው ይበልጣል። 1.50 ሜትር ቁመት ያላት መኪና 1.80 ብትነሳ 3.30 ትደርሳለች፣ ያ ደግሞ ከበሩ ሥር አይበቃም። ሊፍቱን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ከ1.80 መስመር ጀርባ መትከል ነው መፍትሔው።

የሚታጣም ነገር አለ። ከበሩ በላይ የብርሃን መስኮት ወይም የአየር ፍርግርግ ያለው ጋራዥ ብዙ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ መስኮት በፓነል ይሸፈናል። ማብሪያ ማጥፊያና የኤሌክትሪክ ሳጥንም ከዚያ ቦታ አስቀድመው መነሳት አለባቸው።

ሂሳቡ

80 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 2.10 የሆነ በር እንውሰድ። በመደበኛው አሠራር በሩ ገና ከወለሉ መነሳት ሲጀምር ራሱ መታጠፍ ይጀምራል። ስለዚህ በሩ በወጣ ቁጥር ካቦው ላይ የተንጠለጠለው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞላውም እየተፈታ ሲሄድ ጉልበቱ አብሮ ይቀንሳል። ሁለቱ እኩል ስለሚቀንሱ በሩ በየትም ቦታ ብትለቁት ይቆማል። መደበኛው ከበሮ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ያለውም ለዚህ ነው።

አሁን ሀዲዱን ብቻ 80 ሳ.ሜ ከፍ አድርጉ፣ ከበሮውንና ሞላውን ተዉት። የከበሮው ዙሪያ 32 ሳ.ሜ ያህል ነው፤ የዚህ ቁመት በር ሞላም 7.5 ዙር ይጠመዘዛል። በሩ 80 ሳ.ሜ ሲወጣ ሞላው 2.5 ዙር ተፈትቷል፣ የቀረው 5 ዙር ነው። ስለዚህ ሞላው የሚሸከመው ከ80 ኪሎ ወደ 53 ወርዷል። በሩ ግን ገና አልታጠፈም፣ 80 ኪሎው እንዳለ ተንጠልጥሏል። 27 ኪሎ የሰው ክንድ ላይ ወደቀ ማለት ነው። በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈትም ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለው 80 ሳ.ሜ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ሞላው ውስጥ የቀረው አንድ ዙር የማይሞላ ጉልበት የሚይዘው 10 ኪሎ ብቻ ነው። የቀረው 20 ኪሎ በሩን ወደ ታች ይጎትታል። ሞላውን ጨምሮ በማጥበቅ ለመፍታት የሚሞክሩ አሉ። ያኔ በሩ ሲዘጋ አልቀመጥ ብሎ ከወለሉ ይነሳል፣ ሞላውም ከተሠራበት ልክ በላይ ስለተጠመዘዘ ዕድሜው ያጥራል።

የከፍታ ከበሮ የሚባለው ይህን እንዲፈታ የተሠራ ነው። አንደኛው ወገኑ ሾጠጥ ያለ፣ ሌላው ደልዳላ ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ ካቦው የሚወርደው ከሾጣጣው ወፍራም ጫፍ ነው። በሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ካቦው እየቀጠነ በሚሄደው ላይ ይጠመጠማል፤ ሞላው ቢደክምም የሚጎትትበት ክንድ ስለሚያጥር ያው 80 ኪሎ ይነሳል። የበሩ ራስ መታጠፍ ሲጀምር ካቦው ደልዳላው ላይ ይገባና እንደ መደበኛው ይቀጥላል።

ከበሮው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ይጠቅማል። 400-8 መደበኛ ነው፤ 400 ማለት 4 ኢንች ውፍረት፣ 8 ማለት እስከ 8 ጫማ ቁመት ላለው በር። 400-54 የከፍታ ከበሮ ነው፤ እዚህ ላይ 54 የሚያመለክተው ሀዲዱ ሊያድግ የሚችልበትን ጣሪያ በኢንች ነው፣ 137 ሳ.ሜ። ለ80 ሳ.ሜ በቂ ነው። ለከባድና ለትልልቅ በሮች 525-54 እና 575-120 አሉ። ከበሮ ግራና ቀኝ አለው፤ ስትገዙ ጥንድ መሆኑን አረጋግጡ። ቶርኖ ቤት ሾጣጣ ከበሮ ማስቀረጽ ይቻላል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙ። የሾጣጣው ልክና የጉድጓዶቹ መስመር ትንሽ ከተዛባ ካቦው ይዘላል።

ሞላውም አብሮ ይቀየራል። ሻጩ ወይም አስመጪው አራት ነገር ይፈልጋል፦ የበሩ ክብደት፣ የበሩ ቁመት፣ ሀዲዱ የሚያድግበት ልክ እና የከበሮው ቁጥር። ክብደቱን በግምት አትስጡ። ሞላው ከተፈታ በኋላ በሩን በሁለት ሰው አንስታችሁ ከሥሩ መሃል ላይ ሚዛን አስገቡና ቀስ ብላችሁ አስቀምጡት። ላሜራ ወይም ኤል ብረት የተጨመረበት በር ከፋብሪካው ወረቀት 15 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። የድሮውን ሞላ ለማወቅ ደግሞ፣ ሞላው ተፈትቶ ጥምጥሞቹ ሲገጥሙ 10 ጥምጥም በሜትር ለኩ፤ 57 ሚ.ሜ ከሆነ ሽቦው 5.7 ነው። 20 ጥምጥም ለክታችሁ 114 መምጣቱን አረጋግጡ። በሽቦው ላይ የአሥረኛ ሚሊ ሜትር ስሕተት ብዙ ኪሎ ይለውጣል። መደበኛ ሞላ ለ10,000 ጊዜ መክፈትና መዝጋት ይሠራል፤ በቀን 6 ጊዜ ለሚከፈት በር አራት ዓመት ተኩል ነው። ደንበኛ ሲገባ ሲወጣ ለሚውልበት ጋራዥ 20,000 የሚለውን ጠይቁ።

ግድግዳው

እዚህ ላይ የእኛ አገር አሠራር የራሱ ጣጣ አለው። በመደበኛው አሠራር ዘንጉ ከበሩ በላይ ባለው አርክትራቭ ላይ ስለሚያርፍ ኮንክሪት ይይዘዋል። 80 ሳ.ሜ ሲያድግ ግን አርክትራቩን አልፎ ብሎኬት ግድግዳ ላይ ይወጣል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። የሞላው መሃል ማሰሪያ የሚቀበለው የመጠምዘዝ ጉልበት ለ80 ኪሎ በር ከ40 ኒውተን ሜትር ይበልጣል፣ በሩ በተዘጋበት ሰዓት ሁሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሳያርፍ ይጎትታል። ብሎኬት ላይ በፊሸር የታሰረ ማሰሪያ መጀመሪያ ልስኑን ይሰነጥቃል፣ ከዚያ ይፈታል፣ በመጨረሻ ሞላው ከነዘንጉ ይወረወራል።

አስተማማኙ መንገድ ከበሩ ግራና ቀኝ ከወለል እስከ ሶሌታ 80 በ40 ቱቦላሬ ማቆም ነው፣ ውፍረቱ 3 ሚ.ሜ። ከታችም ከላይም በ10 ሚ.ሜ ፕሌትና በኤክስፓንሽን ብሎን ይታሰራል። መሃል ላይ ሁለቱን ቋሚዎች የሚያያይዝ አግዳሚ ቱቦላሬ ዘንጉ በሚያርፍበት ቁመት ይበየዳል፤ የሞላው ማሰሪያ በ10 ሚ.ሜ ብሎንና ዳዶ እሱ ላይ ይታሰራል። ቋሚዎቹ ለተቀጠለው ሀዲድም ጀርባ ይሆኑታል። ግድግዳው የድንጋይ ወይም ሙሉ ኮንክሪት ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ሶሌታውም ሲበሳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙው ሶሌታ በኮንክሪት ሪብና በመሃሉ በተደረደረ ብሎኬት የተሠራ ነው። ድሪሉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገብቶ ድንገት ባዶ ውስጥ ዘው ካለ፣ ብሎኬት መሃል ናችሁ። እዚያ ላይ ብሎን አይያዝም። ወደ ጎን 10 ሳ.ሜ፣ ካልሆነም ሌላ 10 እየሄዳችሁ ድሪሉ እኩል እየታገለ 6 ሳ.ሜ የሚገባበትን ፈልጉ፤ ሪቡ እሱ ነው። የሪቡ መስመር ከሀዲዱ መስመር ጋር ካልገጠመ፣ ከሪብ ሪብ የሚሻገር ኤል ብረት እሰሩና ሀዲዱን ከእሱ አንጠልጥሉ።

የድሮውን ሞላ መፍታት

ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሞተር ካለ ከሶኬት ይነቀላል። በሩ ይዘጋል፣ ከታች በሦስተኛው ሮለር ላይ ሁለቱም ሀዲዶች በሞርሳ ይታሰራሉ። ለመፍታት ሁለት ድፍን የብረት ዘንግ ያስፈልጋል፤ ውፍረቱ የሞላው ራስ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር የሚገጥም፣ አብዛኛውን ጊዜ 12.7 ሚ.ሜ፣ ርዝመቱ 45 ሳ.ሜ። ካቻቢቴ፣ የተቆረጠ ፌሮ፣ የክሪክ ማዞሪያ አይሆንም። ፌሮ ቀዳዳው ውስጥ ይላወሳል፣ የሚወጣውም ጉልበቱ ትልቅ በሆነበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ አንዱን ዘንግ አስገብታችሁ ጉልበቱን ያዙ፣ ከዚያ የማጥበቂያ ቪቴዎቹን አላሉ፤ ሩብ ዙር ፍቱ፣ ሁለተኛውን ዘንግ አስገቡ፣ የመጀመሪያውን አውጡ። 7.5 ዙር ማለት 30 ሩብ ነው፤ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩት። ፊታችሁ ከሞላው ጎን ይሁን፣ ፊት ለፊቱ አትቁሙ። መሰላሉ የሚወዛወዝ ከሆነ አትጀምሩ። ከፓነሉ ሥር ካቦው የታሰረበትን ማሰሪያ ሞላው ሳይፈታ ማንም አይንካ።

ሀዲዱ

ደስ የሚለው፣ ለመቀጠል የሚያስፈልገው ሀዲድ እጃችሁ ላይ ነው። በሩ ወደ ውስጥ የሚተኛበት ርዝመት በ80 ሳ.ሜ ስላጠረ፣ ከአግዳሚው ሀዲድ የኋላ ጫፍ 80 ሳ.ሜ ቆርጣችሁ ለቋሚው መቀጠያ ማድረግ ትችላላችሁ። ቅርፁም ውፍረቱም ያው ስለሆነ ከሌላ ቦታ ከሚገዛው ይሻላል። ከመቁረጣችሁ በፊት የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስተኝታችሁ ቀጥ ማለቱን እዩ። ተሸከርካሪ የነካው ሀዲድ ከሆነ ተዉት። በግራይንደር በቀጭን ዲስክ ቁረጡ፣ ጫፉን በሞረድ ከውስጥም ከውጭም አስተካክሉ።

መጋጠሚያውን አትበይዱት። ሙቀቱ ሀዲዱን ያጣምመዋል፣ ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ ውስጥ የሚቀረው የብየዳ እብጠት ደግሞ ሮለሩን በየቀኑ ይመታዋል። ከጀርባው 20 ሳ.ሜ የሆነ የ3 ሚ.ሜ ፕሌት አስደግፉና በየጎኑ በሁለት ሁለት 6 ሚ.ሜ ብሎን እሰሩ፤ ራሱ ክብና ለስላሳ የሆነው ወደ ውስጥ፣ ዳዶው ወደ ውጭ። በመጋጠሚያው ላይ ጥፍር ስታሳልፉ የሚይዝ ከሆነ ሮለርም ይይዘዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ቋሚው ሀዲድ ቱንቢ ቢጣልበት ከግድግዳው ጋር ትይዩ አይደለም። ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ከግድግዳው ትንሽ ትንሽ ይርቃል፤ ማጠፊያዎቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ የተቀረጸውም ለዚህ ነው፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሮለሩ ከፓነሉ ይርቃል። እንዲህ የሆነው በሩ ሲዘጋ ማሸጊያ ጎማው ላይ እንዲጫን፣ ሲከፈት ግን ወዲያው እንዲላቀቅ ነው። የተቀጠለው 80 ሳ.ሜ ያንኑ ዘንበል ማለት መቀጠል አለበት። በውሃ ልክ ቀጥ አድርጎ መገጠም ትክክል ይመስላል፤ ግን መጋጠሚያው ላይ ክርን ይፈጠራል፣ የላይኛው ፓነልም እዚያ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ቢያንስ 2 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ቱቦላሬ በነባሩ ሀዲድ ላይ አስደግፉና መቀጠያውን በእሱ አስተካክሉ። ቋሚ ማሰሪያዎቹ በየ40 ሳ.ሜ ይሁኑ። ከበሩ በላይ ያለው ክፍል በአንድ ወጥ ኤል ብረት ቢያያዝ ደግሞ የተሻለ ነው።

አግዳሚው ሀዲድ በውሃ ልክ ይስተካከላል፣ ወይም ኋላው ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ ዝቅ ካለ በሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። የሁለቱ ሀዲዶች የኋላ ርቀት ከፊቱ እኩል መሆኑን፣ ሰያፉም ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን ለኩ። የሚንጠለጠሉበት ኤል ብረት ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን የሚይዝ ሰያፍ ድጋፍም ይፈልጋል። ጫፉ ላይ የማቆሚያ ብሎን አትርሱ።

ዘንግ፣ ኩሽኔታ፣ ካቦ

የእነዚህ በሮች ዘንግ በአብዛኛው 25.4 ሚ.ሜ ነው፣ አንድ ኢንች። ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ 6205 ኩሽኔታ ብትገዙ ቀዳዳው ድፍን 25 ስለሆነ አይገባም። በመዶሻ ማስገባት ወይም ዘንጉን በግራይንደር ማሳነስ ይሞከራል፤ ሁለቱም ኩሽኔታውን ይገድላሉ። ከነቤቱ የሚሸጠውን ዩሲፒ 205-16 ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 16 የአንድ ኢንች ምልክት ነው። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ 25 ሚ.ሜ ዘንግ አስገብቶ የኢንች ከበሮ መግጠም። ከበሮው በቪቴ ቢጠብቅም መሃሉን ስቶ ይዞራል።

ሀዲዱ ከፍ ባለ ቁጥር ከግድግዳው ስለሚርቅ ዘንጉም እንዲሁ መራቅ አለበት። የድሮው የኩሽኔታ መያዣ ምናልባት ዘንጉን ከግድግዳ 85 ሚ.ሜ ያርቅ ይሆናል፤ ለከፍታው 110 አካባቢ የሚያርቀው ይፈለጋል። የምታረጋግጡት በቱንቢ ነው። ከከበሮው የሚወርደው ክር እስከ ታችኛው ማሰሪያ ድረስ ሀዲዱንም የሮለር እግርንም ሳይነካ መውረድ አለበት። የሚነካ ካቦ በወራት ውስጥ ሽቦ ሽቦው እየተበጠሰ ይሳሳል።

ካቦው ጋልቫናይዝድ፣ 3.2 ሚ.ሜ፣ ባለ ብዙ ክር ለስላሳው ዓይነት ይሁን። የሠራነው ከፍታ ከበሮው ከሚችለው ያነሰ ስለሆነ የካቦው ርዝመት በትክክል መገኘት አለበት። ዘዴው ቀላል ነው። ከበሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ ሾጣጣው አልቆ ደልዳላው የሚጀምርበትን ጉድጓድ ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ወፍራሙ ወገን በጉድጓዶቹ ላይ 80 ሳ.ሜ ካቦ ጠምጥሙና ያለቀበትን በቀለም ምልክት አድርጉ። በሩ ሲዘጋ ካቦው ከበሮውን መልቀቅ ያለበት እዚያ ምልክት ላይ ነው። ካቦው ከበሮው ላይ ከታሰረበት እስከ ምልክቱ ያሉት ጥምጥሞች በሩ ሲዘጋም ከበሮው ላይ ይቀራሉ፣ አይፈቱም። ከምልክቱ እስከ ታችኛው ማሰሪያ ያለውን ቀጥታ ርቀት በእነሱ ላይ ደምሩ፤ የካቦው ርዝመት ይህ ነው። ሁለቱን ካቦዎች ጎን ለጎን ዘርግታችሁ በአንድ ጊዜ ቁረጡ። ታች ያለው ቀለበት በተጨመቀ እጀታ ይታሰር። በብሎን የሚጠብቀው የካቦ መያዣ ለማጠር ሽቦ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚወድቅ ሀዲዱን ይመታል።

ከበሮውን ዘንጉ ላይ ስታጠብቁ ቪቴው ዘንጉን ከነካ በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ዙር ይበቃዋል። ዘንጉ ቱቦ ከሆነ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ያጎብጠዋል። አንዱን ከበሮ አጥብቃችሁ ካቦውን ወጥሩ፣ ከዚያ ሌላውን በእጅ አዙራችሁ ሁለቱ ካቦዎች ሲነኩ እኩል እስኪወጠሩ ድረስ አስተካክሉ።

ማጥበቅና መፈተሽ

ሞላው ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ የጠመኔ መስመር አስምሩ። ሲጠመዘዝ መስመሩ ይዞራል፣ ዙሩን ከእሱ ትቆጥራላችሁ። የዙሩ ብዛት ከሞላው ጋር በሂሳብ የሚመጣ ነው፣ የድሮው 7.5 እዚህ አይሠራም። ሞላው በየዙሩ የሽቦውን ውፍረት ያህል ይረዝማል፤ በ8 ዙር 5.7 ሚ.ሜ ሽቦ ከ4 ሳ.ሜ በላይ ይወስዳል፣ ስለዚህ የሚረዝምበት ቦታ ይኑረው።

ሞርሳውን ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ሰው በሩን ይያዝ። ከዚያ በሦስት ቦታ ልቀቁት፦ ከወለሉ 30 ሳ.ሜ ላይ፣ ልክ መታጠፍ በሚጀምርበት 80 ሳ.ሜ ላይ፣ እና ከላይ። በሦስቱም ከቆመ ጨርሳችኋል። ከወለሉ ተስፈንጥሮ የሚነሳ፣ 80 አካባቢ ሲደርስ ግን የሚከብድ ከሆነ ካቦው ረዝሟል፤ ከምልክቱ በላይ ብዙ ጥምጥም ስለቀረ ቀድሞ ደልዳላው ላይ እየገባ ነው። ከወለሉ ከብዶ ከታጠፈ በኋላ የሚቀል ከሆነ ካቦው አጥሯል። እነዚህን ሞላ በማጥበቅና በማላላት አታስተካክሉም። በሦስቱም ቦታ እኩል የሚከብድ ወይም እኩል የሚቀል ከሆነ ግን ሩብ ዙር ጨምሩ ወይም ቀንሱ፤ ሁለት ሞላ ካለ ሁለቱንም እኩል። በሩ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የካቦ ውጥረት እኩል አልሆነም፣ ሞላውን አትንኩ።

ሞተር

ሶሌታ ላይ የሚንጠለጠለውና በሩን በክንድ የሚስበው ሞተር ከዚህ በኋላ አይሠራም። በሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ክንዱ የሚገፋበት አቅጣጫ የለም። የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ ከዘንጉ ጫፍ ጋር የሚያያዘው የጎን ሞተር ነው። ለእሱ ይህ ዓይነቱ በር ምቹ ነው፤ ከላይ ሲቆምም የተወሰነ ክብደት ሁልጊዜ ስለሚንጠለጠል ሞተሩ ሲፈታ በሩ ይከተለዋል፣ ካቦው አይላላም። ቢሆንም የካቦ መላላትን የሚያውቀውን ሴንሰር አብራችሁ ግጠሙ፤ ከበሩ ሥር ጣውላ ወይም ክሪክ ሲገባ ሞተሩን የሚያቆመው እሱ ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡት የጎን ሞተሮች ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ናቸው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለ220–240 የተሠራውን ጠይቁ።

መብራት ሲጠፋ ሞተሩን ከዘንጉ የሚያላቅቀው ገመድ አለ። ሞተሩ አሁን 3 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ገመዱን አስረዝሙና ከወለሉ 1.80 ላይ እንዲያልቅ አድርጉ። ማላቀቅ ያለበት በሩ ተዘግቶ ሳለ ነው። ወደ ላይ እንዳለ ከተላቀቀና ሞላው ከደከመ በሩ ይወርዳል። ከሳምንት አገልግሎት በኋላ የመጋጠሚያውን ብሎኖች፣ የከበሮውን ቪቴዎችና የሶሌታውን ማሰሪያ ደግማችሁ አጥብቁ። ሮለሩና ኩሽኔታው ዘይት ይፈልጋሉ፤ ሀዲዱ ውስጥ ግን ግራሶ አትቀቡ፣ የመንገድ አቧራ ይሰበስብና በክረምት ጭቃ ይሆናል፣ ሮለሩም መንከባለል ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።